የስስታም ኬሚስትሪ

ስስታም ነኝ። ራሴን "ቆጣቢ" እያልኩ የምሸነግልበት ጊዜ ካለፈ ቆይቷል። የቤታችን ቁም ሣጥን እኩሌታ የተያዘው ቀለሙ በደረቀ እስክሪብቶ፣ የየትኛው ስልክ እንደሆነ በማይታወቅ ቻርጀር፣ ጓደኛው በጠፋ ካልሲና ድምፅ ካቆመ ሬዲዮ ነው። ባለቤቴ "አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ኮተት ብትጥለው እኮ መላወሻ እናገኛለን" ትለኛለች። እኔም "አንድ ቀን ያስፈልጋል" እላታለሁ። ያ ቀን የት እንደቀረ እንጃ።

ይህ አመል ከቤት ባይወጣ ኖሮ የባለቤቴ ዕዳ ሆኖ ይቀር ነበር። እኔ ግን የኬሚስትሪ መምህር ነኝ፤ አመሌን ሰሌዳ ፊት ድረስ ይዤው እወጣለሁ። ለብዙ ዓመታት "ሞለኪውል ኤሌክትሮን ሲያጣ ትስስሩ ይላላል" እያልኩ አስተምሬያለሁ። አንብቤና አመሳክሬ ብሳሳት ደግ ነበር። እኔ ግን ያለውን አጥቶ የሚጠነክር ነገር በዓለም ላይ አለ ብሎ ማመን ሆዴ እምቢ ስላለኝ ብቻ ነው።

ክፋቱ፣ ምስክር አላጣሁም። የመጀመሪያው ምስክሬ ሃይድሮጅን ነው። ሁለት ፕሮቶንና ሁለት ኤሌክትሮን፤ ከዚህ የቀለለ ሞለኪውል የለም። ኤሌክትሮኖቹ በሁለቱ ፕሮቶኖች መካከል ስለሚበዙ ሁለቱንም ወደ መሀል ይስቧቸዋል። ይህን ሞለኪውል ለሁለት ለመስበር 4.48 ኤሌክትሮን ቮልት ያስፈልጋል። (ኤሌክትሮን ቮልት በአቶሞች ዓለም የሚሠራበት የጉልበት መለኪያ ነው። ሻይ ለማፍላት የሚበቃ አይደለም፤ አንድ ሞለኪውል ለመስበር ግን ጥቂቱ ይበቃል።) ከሁለቱ ኤሌክትሮኖች አንዱን ስንወስድበት የሚቀረው አዮን በ2.65 ኤሌክትሮን ቮልት ይሰበራል። በፕሮቶኖቹ መካከል ያለው ርቀትም ከ74 ወደ 106 ፒኮ ሜትር ይረዝማል። አጣ፣ ላላ፣ ረዘመ። ይህን ስናገር ጠመኔዬን እንደ ጠበቃ አነሣው ነበር።

ሁለተኛው ምስክሬ ናይትሮጅን ነው። የምንተነፍሰው አየር አራት አምስተኛው ገደማ እሱ ነው፤ ትስስሩም ከሚታወቁት ጠንካሮች አንዱ ነው፤ ሊሰብረው የፈለገ 9.76 ኤሌክትሮን ቮልት ማቅረብ አለበት። አንድ ኤሌክትሮን ሲያጣ ወደ 8.71 ይወርዳል፤ ርዝመቱም ከ109.8 ወደ 111.6 ፒኮ ሜትር ይሄዳል። የወረደው ብዙ አይደለም፤ ቢሆንም ወርዷል። ለእኔ መውረዱ በቃኝ። ሁለት ምስክር የቆመለት ሰው ሦስተኛ ፍለጋ አይንከራተትም አልኩና መዝገቡን ዘጋሁ።

ከናይትሮጅን ቀጥሎ ያለው ኦክስጅን ነው። የመማሪያ መጽሐፉ ውስጥም ከናይትሮጅን ቀጥሎ ያለው ገጽ ስለ ኦክስጅን ነው። እኔ ያንን ገጽ የማልፍበት ዘዴ ነበረኝ፦ "ይሄ ፈተና ላይ አይመጣም።" የዚህችን ዓረፍተ ነገር ኃይል መምህር የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። እስክሪብቶ ይዘጋል፣ ደብተር ይከደናል፣ የመምህሩም አላዋቂነት በሰላም ይቀበራል።

አንዲት ልጅ ግን ደብተሯን አልከደነችም። "ቲቸር" አለች፣ "ኦክስጅን ላይ ቁጥሩ ተገልብጧል። ኤሌክትሮን ሳያጣ 120.7 ነው፤ ሲያጣ 111.6 ሆኖ አጥሯል።"

መጽሐፉን ተቀብዬ አየሁት። ዓይኔን በጨው አጥቤ "የማተሚያ ቤት ስህተት ነው" አልኳት።

"ናይትሪክ ኦክሳይድም ላይ ተሳስተዋል ማለት ነው? እሱም ከ115 ወደ 106 ወርዷል።"

ደወል ተደወለ። ደወል ለተማሪ ብቻ የሚመስለው ካለ አስተምሮ አያውቅም።

ያን ቀን ማታ ያላነበብኩትን ገጽ አነበብኩት። የተጻፈው ለዘመናት የታወቀ ነገር ነው። ሁለት አቶሞች ሲቀራረቡ ኤሌክትሮን የሚኖርባቸው ኦርቢታሎቻቸው ይዋሐዳሉ፤ ሁለት ገብቶ ሁለት ይወጣል። በአንደኛው የኤሌክትሮኑ ሞገዶች በኒውክለሶቹ መካከል ይደመራሉ፤ እዚያ ያለ ኤሌክትሮን ሁለቱን ያቀራርባል። ይህ ቦንዲንግ ይባላል። በሁለተኛው ሞገዶቹ መካከል ላይ ይጠፋፋሉ፤ ኤሌክትሮኑ ፈጽሞ የማይገኝበት ባዶ ወለል በሁለቱ መሀል ይፈጠራል፤ ኤሌክትሮኑ ወደ ውጭ ይገፋል፣ ጉልበቱም ለብቻው በአቶም ውስጥ ከነበረበት ከፍ ይላል። እዚያ የተቀመጠ ኤሌክትሮን ሥራው ትስስሩን ማፍረስ ነው፤ አንታይቦንዲንግ ይሉታል። የሃይድሮጅን ሁለት ኤሌክትሮኖች የመጀመሪያው ውስጥ ናቸው። የናይትሮጅን በቀላሉ የሚወሰዱት ኤሌክትሮኖችም እንዲሁ። ስለዚህ ምስክሮቼ አልዋሹም፤ የተጠየቁትን ብቻ ነው የመለሱት።

ኦክስጅን ከናይትሮጅን ሁለት ኤሌክትሮን ይበልጣል። ዝቅ ያሉት ማረፊያዎች ሞልተውበታልና ሁለቱ ትርፎች የገቡት አንታይቦንዲንግ ውስጥ ነው። ከእነዚህ አንዱን መውሰድ ማለት ከትስስሩ ጠላቶች አንዱን ማስወጣት ማለት ነው። 5.12 ኤሌክትሮን ቮልት የነበረው ጥንካሬ 6.66 ይደርሳል። በናይትሪክ ኦክሳይድ ደግሞ ለውጡ ያስደነግጣል፤ እሱ እንዲህ ዓይነት ጠላት ያለው አንድ ብቻ ነው፣ እሱን ሲያጣ ከ6.50 ወደ 10.85 ይዘላል። ከናይትሮጅንም ይበልጣል።

ለስስታም ሰው ይህ መርዶ ነው። ይባስ ብሎ በተቃራኒው መንገድም ይሠራል፤ ኦክስጅን ኤሌክትሮን ሲጨመርለት ይዳከማል። አንድ ሲጨመር ርዝመቱ ወደ 135፣ ሁለት ሲጨመር ወደ 149 ፒኮ ሜትር ይደርሳል። ሁለት የተጨመረለት ፔርኦክሳይድ ነው፤ ፋርማሲ ቁስል ማጠቢያ፣ ፀጉር ቤት ደግሞ ፀጉር ማቅለያ ሆኖ የሚገኘው ሃይድሮጅን ፔርኦክሳይድ ጉልበቱን የሚያገኘው ከዚህ በቀላሉ ከሚበጠስ የኦክስጅን ለኦክስጅን ትስስር ነው። ሀብት ሲበዛ መላላት!

ሌላም ኃጢአት አለብኝ። ኦክስጅንን ሰሌዳ ላይ ስሥል ሁለት መስመር በመካከላቸው አደርግና ሁሉንም ኤሌክትሮን ሁለት ሁለት አድርጌ አጣምር ነበር። እውነተኛው ኦክስጅን ግን እነዚያ ሁለት ትርፍ ኤሌክትሮኖች በሁለት እኩል ኦርቢታሎች ለየብቻ ስለሚቀመጡበት ማግኔት ይስበዋል። ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ያየው ነገር ነው። ከዜሮ በታች 183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ፈሳሽ ሲሆን ቀለሙ ሰማያዊ ቢጤ ነው፤ በጠንካራ ማግኔት ሁለት ዋልታዎች መካከል ቢያፈሱት ወደ ታች አይወርድም፤ እዚያው ተንጠልጥሎ እየተነነ ያልቃል። ጄምስ ዲዋር እ.ኤ.አ. በ1891 ፈሳሽ ኦክስጅን በማግኔት እንደሚሳብ አሳይቷል፤ ሌናርድ ጆንስ በ1929 ምክንያቱን በኦርቢታል ሒሳብ አስረዳ፤ ሮበርት መሊከን በዚሁ ንድፈ ሐሳብ ሥራው በ1966 የኖቤል ሽልማት ወሰደ። እኔ ከሽልማቱ ከብዙ ዓመት በኋላም ኤሌክትሮኖቹን ሁለት ሁለት አድርጌ አጣምር ነበር። ላቦራቶሪያችን ውስጥ ፈሳሽ ኦክስጅን አለመኖሩ በጀኝ። እቃ በማጣቱ አስተዳደሩን የማያማርር የሳይንስ መምህር ካያችሁ ጠርጥሩት።

አሁን ደግሞ ሌላው ጉድለቴ ይመጣል። ስህተቴን ሳውቅ ዝም ብዬ አርሜ ማለፍ አልችልም፤ ወዲያው ሰባኪ እሆናለሁ። ትናንት ያልሰማሁትን ነገር ዛሬ ያልሰማ ሰው ሳገኝ ይገርመኛል። ቦንድ ኦርደር የምትባለውን ቀመር፣ ማለትም ቦንዲንግ ውስጥ ካሉት ኤሌክትሮኖች አንታይቦንዲንግ ውስጥ ያሉትን ቀንሶ ለሁለት ማካፈልን፣ እንደ ውዳሴ ማርያም እደግማት ጀመር። ሃይድሮጅን ከ1 ወደ ግማሽ፣ ናይትሮጅን ከ3 ወደ 2.5፣ ኦክስጅን ከ2 ወደ 2.5፣ ናይትሪክ ኦክሳይድ ከ2.5 ወደ 3። ሂሊየም ደግሞ የሁሉም ቁንጮ! ሁለት ሂሊየም አቶሞች ተራ ትስስር አይፈጥሩም፤ ሁለት ሲቀነስ ሁለት ዜሮ ነው። አንድ ኤሌክትሮን ሲነጠቁ ግን ግማሽ ትስስር ያገኛሉ፤ እሱን ለመስበር ወደ 2.4 ኤሌክትሮን ቮልት ያስፈልጋል፣ ከሃይድሮጅን አዮን እምብዛም አያንስም። ከምንም ተነሥተው፣ በመዘረፍ ብቻ!

ይህን በሻይ ሰዓት መምህራን ማረፊያ ውስጥ አወራሁት። ለባዮሎጂ መምህሯ አወራሁ፤ ለአማርኛ መምህሩ አወራሁ፤ ደመወዜ ለምን እንደተቆረጠ ልጠይቅ የሄድኩበት ሒሳብ ሹም ዘንድም ሳልጠይቅ አውርቼ ተመለስኩ። የነገረችኝ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ መሆኗን ግን ለአንዳቸውም ትንፍሽ አላልኩም። ለሰማ ሰው ሁሉ ሌሊት ቁጭ ብዬ ከራሴ ያፈለቅሁት ነው የሚመስለው።

ጡረታ የደረሱት የፊዚክስ መምህራችን ስኳራቸውን እያማሰሉ ሰሙኝና "አንተ፣ ልጅ ሆነህ የማታ ሬዲዮ አዳምጠህ አታውቅም?" አሉኝ።

"እንዴታ ጋሼ፣ በደንብ እንጂ።"

"ቀን ቀን የሩቅ ጣቢያ ለምን አይገባም ነበር?"

ድርቅ አልኩ። በመካከለኛ ሞገድ ቀን የማይሰማ የሩቅ አገር ጣቢያ ማታ ማታ እንደሚንቆረቆር ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ያደግሁት መርፌዋን በቀስታ እያዞርኩ፣ ያልገባኝን ቋንቋ እያዳመጥኩ ነው። ለምን ብዬ ግን አልጠየቅሁም።

እሳቸው በእርጋታ አስረዱኝ። ከመሬት ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከፀሐይ የሚመጣ አንድ ዓይነት አልትራቫዮሌት ጨረር አለ፤ የሞገዱ ርዝመት 121.6 ናኖ ሜትር፣ የእያንዳንዷ ፎቶን ጉልበት 10.2 ኤሌክትሮን ቮልት። ከናይትሮጅን ኤሌክትሮን ለመንጠቅ 15.58 ያስፈልጋል፤ አይደርስም። ከኦክስጅን 12.07፤ አሁንም አይደርስም። ከናይትሪክ ኦክሳይድ ግን 9.26 ብቻ ነው፤ ያ ትርፍ ኤሌክትሮን ጠላት ስለሆነ የያዘው አጥብቆ አልያዘውም። እዚያ ከፍታ ላይ ናይትሪክ ኦክሳይድ ኢምንት ነው፤ ግን ኤሌክትሮኑን ይለቃል። የተለቀቁት ኤሌክትሮኖች ቀን ቀን የመካከለኛውን ሞገድ ጉልበት ውጠው ያስቀራሉ። ፀሐይ ስትጠልቅ በፍጥነት ይጠፋሉ፤ ሞገዱም አልፏቸው ወደ ላይኛው የከባቢ አየር ንብርብር ይደርስና ተመልሶ ሩቅ አገር ይወርዳል።

"ቀጥለህ ደግሞ ይሄን አስላው" አሉኝ። "መቶ ኪሎ ሜትር ከፍታ አካባቢ ብዙዎቹ አዮኖች ናይትሪክ ኦክሳይድና ኦክስጅን ናቸው። ያ ጠንካራ ያልከው የናይትሪክ ኦክሳይድ አዮን ኤሌክትሮኑ ሲመለስለት ምን ይሆናል?"

አሰላሁት፤ በሻይ ብርጭቆ በረጠበ ወረቀት ላይ። ኤሌክትሮኑ ሲመለስ የሚለቀቀው 9.26 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ኤሌክትሮኑን የተቀበለው ሞለኪውል ግን በ6.50 ይሰበራል። 2.76 ይተርፋል። ያን የሚያህል ጉልበት በድንገት የተቀበለ ሞለኪውል እዚያው በቅጽበት ናይትሮጅንና ኦክስጅን አቶም ሆኖ ይበተናል። የኦክስጅን አዮንም ዕጣው ያው ነው፤ ኤሌክትሮን ሲያገኝ ሁለት አቶም ሆኖ ይለያያል። ያጣውን ሳይሆን የተመለሰለትን መቋቋም አቃተው። ጋሼ ሻያቸውን ጨርሰው ሄዱ፤ እኔ ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ። እስካሁን አለ፤ የት እንዳለ መገመት አያቅትም።

ስለ ሌላ ሰው ትጋት ማውራት የራስን ስንፍና ያጎላልና አንድ ሰው ላንሣ። ኒል ባርትሌት የሚባል እንግሊዛዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ካናዳ ውስጥ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ፕላቲነም ሄክሳፍሎራይድ ከሚባል ደም የመሰለ ጋዝ ጋር ይሠራ ነበር። ብርቱካናማ ጠጣር ነገር ያልጠበቀው ቦታ ላይ ተጠራቅሞ አገኘ። መረመረው፤ ጋዙ ከኦክስጅን ሞለኪውል ላይ ኤሌክትሮን ነጥቆ ሁለቱም አዮን ሆነው የተቀመጡበት ጨው ሆኖ ተገኘ። ኦክስጅን ኤሌክትሮን አጥቶ በጠርሙስ ውስጥ! ቀጥሎ ያስተዋለው ነገር ነው የሚደንቀው፤ ከኦክስጅን ኤሌክትሮን መንጠቂያው 12.07 ሲሆን ከዜኖን 12.13 ነው። ልዩነቱ ከአንድ አሥረኛ ኤሌክትሮን ቮልት ያንሳል። የያኔ መማሪያ መጻሕፍት በሙሉ ዜኖንና ዘመዶቹ ከምንም ጋር አይዋሐዱም እያሉ ያስተምሩ ነበር። ባርትሌት በመጋቢት 1962 ሁለቱን ጋዞች የሚለየውን የመስታወት ግድግዳ ሰበረ፤ ቀዩ ጋዝና ቀለም የሌለው ዜኖን ወዲያው ብርቱካን የመሰለ ጠጣር ሆኑ። ሊያሳይ ሰው ቢፈልግ ሁሉም ለእራት ወጥቶ ነበር። በኋላ ሲመረመር የጠጣሩ ውስጠ ነገር መጀመሪያ ከጻፈው ፎርሙላ የተወሳሰበ ሆኖ ተገኝቷል፤ ዜኖን ግን ከዚያ ቀን በኋላ "የማይዋሐድ" መባሉ ቀርቷል።

እኔ ብሆን ያን ብርቱካናማ ጠጣር ሳይ ብልቃጡ በደንብ አልታጠበም ብዬ የላቦራቶሪ ቴክኒሻኑን እቆጣ ነበር።

ከድጡ ወደ ማጡ የገባሁት ከዚህ በኋላ ነው። ልጅቷ መጣች። "ቲቸር፣ ካርቦን ሞኖክሳይድስ?"

ደረቴን ነፋሁ። ካርቦን ሞኖክሳይድ የናይትሮጅንን ያህል ኤሌክትሮን አለው፤ ቦንድ ኦርደሩ 3። አንድ ሲያጣ 2.5። ስለዚህ ይረዝማል፣ ይላላል አልኳት።

"112.8 የነበረው 111.5 ሆኗል። አጥሯል።"

በዚህ ጊዜ ማተሚያ ቤቱን አልወነጀልኩም። መሻሻል ማለት ይህ ነው። "ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ችላ በይው" አልኳት። ቀደም ሲል ናይትሮጅን በ1.8 ፒኮ ሜትር መርዘሙን የድል ምስክር አድርጌ የቆጠርኩ ሰው፣ የ1.3 ማጠርን ችላ በይ አልኳት።

"የሚሰበርበት ጉልበት ግን ከ11.09 ወደ 8.34 ወርዷል" አለች። "አጥሮ እንዴት ይላላል?"

ጭራሽ! እኔ "ጠንካራ" ስል አንድ ነገር የምል ይመስለኝ ነበር። አጭር፣ ድርቅ ያለ፣ የማይሰበር፤ ሦስቱ አብረው የሚሄዱ መስሎኝ አንዱን አይቼ ሌላውን እፈርድ ነበር። የካርቦን ሞኖክሳይድ አዮን አጠረ፤ ንዝረቱም ፈጠነ፣ ማለትም ትስስሩ ደረቅ ብሏል። የወጣው ኤሌክትሮን በአብዛኛው በካርቦን ጀርባ የሚኖር፣ ለትስስሩ ብዙም የማይሠራ፣ እንዲያውም ትንሽ የሚቃወመው ነበርና። ቀመሬ ግን እሱንም ቦንዲንግ ብላ ቆጥራው ነበር። ታዲያ አዮኑ ስለምን በቀላሉ ይሰበራል?

መልሱ ከኦርቢታል ሥዕል ይልቅ በሱቅ ሒሳብ ይገኛል፤ ለስስታም የሚስማማውም እሱ ነው። ሞለኪውሉን መጀመሪያ ሰብሬ ከአንዱ አቶም ኤሌክትሮን ብወስድ፣ ወይም መጀመሪያ ኤሌክትሮኑን ወስጄ አዮኑን ብሰብር፣ የምደርስበት ቦታ አንድ ነው፤ ወጪውም እኩል መሆን አለበት። ስለዚህ የአዮኑ ጥንካሬ ከሞለኪውሉ ጥንካሬ ላይ ከአቶሙ ኤሌክትሮን ለመንጠቅ የሚያስፈልገውን ደምሮ፣ ከሞለኪውሉ ለመንጠቅ የሚያስፈልገውን መቀነስ ነው። ኦክስጅን፦ 5.12 ሲደመር 13.62 ሲቀነስ 12.07፤ 6.67። (ቅድም 6.66 ካልኩት በአንዲት አኃዝ የሚለየው ቁጥሮቹን ስላጠጋጋሁ ነው፤ እዚህ ላይ እንኳ አልዋሸሁም።) ናይትሮጅን፦ 9.76 ሲደመር 14.53 ሲቀነስ 15.58፤ 8.71። ካርቦን ሞኖክሳይድ፦ 11.09 ሲደመር 11.26 ሲቀነስ 14.01፤ 8.34። ሞለኪውሉ ኤሌክትሮኑን ከአቶሙ አጥብቆ ከያዘው፣ ሲያጣው ይከስራል። ላላ አድርጎ ከያዘው፣ ሲያጣው ያተርፋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ አዮን ሲሰበር ቻርጁን ይዞ የሚሄደው ካርቦን ነው፤ ብቻውን ያለ ካርቦን ደግሞ ኤሌክትሮኑን በርካሽ የሚለቅ አቶም ነው። ትስስሩ ራሱ አጭር ሆኖ፣ የመለያየቱ ዋጋ ግን ረከሰ።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ቀመሬን በሌላ ዓይን አየኋት። ኤሌክትሮን ያጣ ናይትሮጅንና ኤሌክትሮን ያጣ ኦክስጅን ሁለቱም ቦንድ ኦርደራቸው 2.5 ነው፤ ርዝመታቸውም በሚገርም ሁኔታ አንድ ነው፣ 111.6 ፒኮ ሜትር። አንዱ እየላላ፣ ሌላው እየጠበቀ መጥተው አንድ ቦታ ተገናኙ። ጥንካሬያቸው ግን 8.71 እና 6.66 ነው። ሊቲየም ደግሞ ያፌዝብኛል። የሁለት ሊቲየም ሞለኪውል አንድ ኤሌክትሮን ሲያጣ ቦንድ ኦርደሩ ከ1 ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ርዝመቱ ከ267 ወደ 311 ይለጠጣል፤ የሚሰበርበት ጉልበት ግን ከ1.05 ወደ 1.3 ገደማ ከፍ ይላል። ሊቲየም ትልቅና ልል አቶም ስለሆነ፣ ቻርጅ ያለው ጎረቤት ሲያገኝ የኤሌክትሮን ደመናው ወደሱ ይጎተትና እንደገና ይያያዛሉ። ትስስሩ ረዝሞ ጠነከረ! የሱቁ ሒሳብ ይህንንም አልሳተም፤ የሊቲየም አቶም 5.39፣ ሞለኪውሉ 5.11።

በዚህ ተጽናንቼ ፈተና አወጣሁ። አዎን፣ "ፈተና ላይ አይመጣም" ያልኩትን ራሴ አመጣሁት፤ ቦነስ ጥያቄ አድርጌ። ፍሎሪን ኤሌክትሮን ሲያጣ ይጠነክራል ወይስ ይላላል? ብዙዎቹ "ይላላል፣ ቲቸር ነግሮናል" ብለው ጻፉ። ያመኑኝ ልጆች ናቸው፤ ነጥባቸውን ስቀንስ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ግን ቀነስኩ። ልጅቷ በአንድ መስመር ሠራችው፦ 1.60 ሲደመር 17.42 ሲቀነስ 15.70፣ 3.32። ከእጥፍ በላይ። ከሥሩ በእርሳስ "ቲቸር፣ ከኦክስጅን ሁለተኛውንም ብንወስድበትስ?" ብላ ጠይቃለች።

ሙሉ ነጥብ ሰጠኋትና በቀይ እስክሪብቶ፣ ጊዜ ሳልወስድ፣ "ቦንድ ኦርደሩ 3 ይሆናል፤ የበለጠ ይጠነክራል። ጎበዝ!" ብዬ ጽፌ መለስኩላት።

ሒሳቡን የሠራሁት ወረቀቱ ከእጄ ከወጣ በኋላ ነው። ከኦክስጅን ሁለት ኤሌክትሮን ለመውሰድ ወደ 36 ኤሌክትሮን ቮልት ያስፈልጋል። ሞለኪውሉን ሰብሮ ከእያንዳንዱ አቶም አንድ አንድ ለመውሰድ ግን 5.12 ሲደመር ሁለት ጊዜ 13.62 ነው፤ 32.36። አዮኑ በእርግጥ ያጥራል፤ ግን ሁለት ፖዘቲቭ ኦክስጅን ጎን ለጎን ተቀምጠው እየተገፋፉ ስለሆነ ሲለያዩ ጉልበት ይሰጣሉ እንጂ አይጠይቁም። ሳይበተን የሚቆየው በመካከል የምታግደው ጉብታ ስላለች ብቻ ነው። ወረቀቱን አስመልሼ ላርም ብዬ ስሄድ የክፍሉ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ከነቀይ ጽሑፌ ተለጥፎ አገኘሁት። ከሥሩ ልጅቷ ጽፋለች፦ "ቲቸር፣ እኔ ስሠራው ኔጌቲቭ መጣብኝ። የማተሚያ ቤት ስህተት ይሆን?"